አባ፣ ይህ እኮ አህያ አይደለም

ብዙዎቻችሁ ያገለገለ ኦፋኖዓ ከሌላ ከተማ እንደምትገዙ አውቃለሁ። ስለዚህ ሞተር ሳይክል በተሳቢ ላይ ተጭኖ እንዴት እንደሚታሰር ልጽፍላችሁ ነው። ከዚያው ጋር አባቴን የተናገርኳቸው አንድ ክፉ ቃል አለ። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ላይ ስለሆኑ አንዱን ትቼ ሌላውን ማውራት አልቻልኩም።

ባለፈው ዓመት ፈተና እንዳለቀ አንድ 125 ሲሲ ሞተር ገዛሁ። የምማረው ቤር ሸቫ ነው። የልምምድ ሥራዬ ማታ ስለሚያልቅ አውቶቡስ ስጠብቅ ብዙ ሰዓት ይባክንብኝ ነበር። ሻባት እንደወጣ ወደ ሥራ መግባት ሲኖርብኝ ደግሞ ጭራሽ አልችልም። ሞተሩ ዋጋው ርካሽ ነበር፤ ግን ያለው አፉላ ነው፣ ቴስቱም አልፎበታል። ቴስትና ኢንሹራንስ የሌለውን ሞተር መንገድ ላይ መንዳት አይቻልም። ስለዚህ በራሱ ጎማ ሳይሆን ተጭኖ መምጣት ነበረበት።

እናቴ ሞተር መግዛቴን ስትሰማ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። አባቴ ግን፣ «ገዝተሃል፤ እንግዲህ በደህና ይግባ። ጭነት ለብቻ አይጫንም፤ እኔም እሄዳለሁ» አሉ። ከጎረቤታችን ተሳቢውን፣ ከአጎቴ ልጅ መኪናውን ተውሰን ሌሊት ከቂርያት ጋት ተነሳን።

አፉላ ስንደርስ ሞተሩን ከሻጩ ጋር በሳንቃ ገፍተን አወጣነው። እኔ ከዚያ በፊት አንድ አጭር ቪዲዮ አይቻለሁ፤ እሱም እስከ መጨረሻው አልነበረም። ሞተሩን በጎን መቆሚያ እግሩ አቆምኩት። ሁለት የጭነት ቀበቶ አወጣሁና አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ በኩል ከመሪው ጫፍ ላይ አሰርኩ። ጥርስ ባለው ማጥበቂያ ጎተት ጎተት አድርጌ፣ «አለቀ» አልኩ።

አባቴ ተሳቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ከዚያ በእጃቸው የሞተሩን የኋላ መቀመጫ ገፋ አደረጉት። ሞተሩ ተንቀሳቀሰ፤ ተሳቢው ግን ዝም አለ።

«ልጄ፣ ይህ ጭነት አልረጋም። ጫፉን ብቻ ነው የያዝከው። ኋላውን ምን ይዞታል?»

ሻጩ አጠገባችን ቆሟል። በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። አማርኛ አይሰማም፤ ግን አንድ ሽማግሌ ሥራዬን እያረሙኝ እንደሆነ ገብቶታል። አፈርኩ። «አባ፣ ይህ እኮ አህያ አይደለም» አልኳቸው።

አባቴ መልስ አልሰጡኝም። መኪና ውስጥ ገብተው ተቀመጡ።

ከከተማው ሳንወጣ መንገዱ ላይ ከተሠራው ጉብታ ደረስን። ቀስ ብዬ ነው ያለፍኩት ብዬ አስባለሁ። ከኋላችን የነበረ መኪና ጥሩንባውን ደጋግሞ ነፋ። በመስታወት ሳይ ሞተሩ ወደ ቀኝ ተጋድሟል፤ መሪው ከተሳቢው ጠርዝ ወጥቶ መንገዱ ላይ ተንጠልጥሏል። አንደኛው ቀበቶ ከመንጠቆው ወልቋል። የያዘው ሁለተኛው ብቻ ነው። ከኋላችን ባለው መኪና ውስጥ አንዲት ሴት ከፊት፣ ሁለት ሕፃናት ከኋላ ተቀምጠዋል። ያ ሁለተኛ ቀበቶ ቢለቅ ኖሮ 135 ኪሎ የሚሆን ብረት በእነሱ ላይ ነበር የሚወርደው። የልጆቹን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በቅርብ ያለ ነዳጅ ማደያ ድረስ እየዳኸን ሄድን። እጄ ስለተንቀጠቀጠ ቀበቶውን መፍታት አቃተኝ። አባቴ ወርደው አዩትና አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «ለአህያም ቢሆን እንዲህ አይጫንም ነበር።» ሳቄና እንባዬ አብረው መጡ።

አባቴ ጎንደር አጠገብ ነው ያደጉት። አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ልጅ ሳሉ የአባቴ ሥራ እሷ የሠራቻቸውን እንስራና ድስት በአህያ ጭኖ ገበያ ማድረስ ነበር። ሸክላ ከተንቀሳቀሰ ይጋጫል፣ ከተጋጨ ይሰበራል፣ ከተሰበረ የዚያ ሳምንት እህል የለም። ይህን ሁሉ ቀድሞም ሰምቼዋለሁ፤ ግን እንደ ተረት ነበር የምሰማው። በዚያ ነዳጅ ማደያ ግን ሙያ እንደሆነ አየሁ።

መጀመሪያ የሞተሩን መሪ በሁለት እጃቸው ወደ ታች ተጫኑት። የፊቱ ሹካ ዝቅ አለና ሲለቁት ተመለሰ። «ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ። ውስጡ ሞላ እንዳለ፣ ጉብታ ሲያጋጥመው እንደሚሸመቀቅ ነገርኳቸው። «እንግዲያ ይህ የሚተነፍስ ጭነት ነው። ገለባ የሞላ ስልቻ ስትጭነው ሙሉ ነው፤ መንገድ ላይ ይሟሽሻል፣ መጫኛውም ይላላል። መጀመሪያ አስተንፍሰህ ነው የምታስረው» አሉ። የእኔ ስህተት በትክክል ይኸው ነበር። ቀበቶዎቹን ያሰርኩት ሞላው እንደተነሳ ነው። ጉብታው ላይ ሞላው ሲሸመቀቅ ቀበቶው ላላ፤ መንጠቆውም መዝጊያ ስላልነበረው ዘሎ ወጣ።

ከዚያ ሁለታችንም እንደገና ጀመርን። እኔ የማውቀውን ብረት እሳቸው የሚያውቁትን ጭነት ይዘን እንዲህ አደረግን።

የጎን መቆሚያ እግሩን አነሳነው። ሞተር በእግሩ ከቆመ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ቀበቶው ሲጠብቅም ክብደቱ ሁሉ በዚያ ቀጭን እግር ላይ ይወድቃል። ሞተሩ ቀጥ ብሎ በሁለት ጎማው መቆም አለበት። የፊት ጎማውን ተሳቢው ፊት ላይ ካለው የብረት ማቆሚያ ውስጥ አስገባነው፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት እንዳይሄድ የሚከለክለው እሱ ነው። ማርሽም አስገባንለት። ሞተሩ ከተሳቢው ጎማዎች ትንሽ ወደ ፊት አመዝኖ እንዲቆምም አየን። ክብደት ወደ ኋላ ከበዛ ተሳቢው በፍጥነት ሲሄድ እንደ ውሻ ጅራት ይወዛወዛል። አባቴ ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አህያም ጭነቷ ወደ ኋላ ካጋደለ ታስቸግራለች አሉ።

ሁለቱን የፊት ቀበቶዎች ከመሪው ጫፍ ፈትተን ዝቅ አደረግናቸው፤ የፊቱ ሹካ ከሻንሲው ጋር ከሚያያዝበት ወፍራም ብረት ላይ። የመሪው ጫፍ ሊዞርም ሊጣመምም ይችላል። የብረት መንጠቆውን በቀጥታ ሞተሩ ላይ አልሰካነውም። ለስላሳ የጨርቅ ቀለበት አዙረን መንጠቆውን በቀለበቱ አስገባን። የፍሬኑን ቱቦና ሽቦዎቹን እንዳይጫን በጣታችን ዳሰስን። ቀበቶዎቹ እንደ ድንኳን ገመድ ወደ ጎን ተከፍተው፣ ወደ ታችና ወደ ፊት መሳብ አለባቸው። አባቴ ሞተሩን ሲጫኑት እኔ አንዴ ቀኙን፣ አንዴ ግራውን ጥቂት ጥቂት አጠበቅሁ። አንዱን ወገን እስከ መጨረሻ ጠብቀህ ወደ ሌላው ከሄድክ ሞተሩ ይጋደላል።

እዚህ ላይ አባቴ እስኪነካ ድረስ እንዲጠብቅ ፈልገው ነበር። እኔ አይሆንም አልኩ። ሞላው እስከ መጨረሻው ከተጨመቀ የሹካው የዘይት ጎሚኒዎች ይጎዳሉ፤ ግማሽ ያህል ቢወርድ ይበቃል። ቀጥሎም አንዱን የኋላ ቀበቶ በጭስ ማውጫው ላይ ሊያሳልፉት ሲሉ፣ የጋለ ብረት ቀበቶውን እንደሚያቀልጠው ነገርኳቸው። «እሱን እንኳ አንተ ታውቃለህ» ብለው እጃቸውን አነሱ።

ሁለቱን የኋላ ቀበቶዎች ከሻንሲው አስረን ወደ ታችና ወደ ኋላ ሳብናቸው። የፊቶቹ ብቻቸውን ቢሆኑ የሞተሩ ጭራ በየጉብታው እየዘለለ ወደ ጎን ይሄዳል። አራት ቀበቶ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቀበቶው ቀለም በሚነካበት ሁሉ አባቴ ከመኪናው ያመጡትን አሮጌ ፎጣ ጠቀጠቁ። «በእንስራዎቹ መካከል ገለባ ነበር የምናደርገው» አሉ። የቀበቶዎቹን ትርፍ ጫፍ ጠቅልለን ቋጠርነው። ንፋስ ያውለበለበው ጫፍ ቀስ በቀስ ይፈታል፤ ጎማ ውስጥም ሊገባ ይችላል።

በመጨረሻ አባቴ የሞተሩን መቀመጫ ይዘው በኃይል ወዘወዙት። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ለብቻው አልተንቀሳቀሰም፤ ተሳቢው፣ መኪናውም አብረውት ተነቃነቁ። «ጭነቱ ለብቻው ከተወዛወዘ አልታሰረም። ከተሸካሚው ጋር አንድ ላይ ከተወዛወዘ ታስሯል» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጭነት ብዙ አይቻለሁ፣ አንብቤያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላገኘሁም። አፉላ ላይ በአንድ እጃቸው የገፉት ይህንኑ ሲፈትኑ ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ሩብ ሰዓት ያህል እንደሄድን፣ «ቁም» አሉኝ። ለምን ስላቸው፣ ጭነት በመጀመሪያው መንገድ ላይ ስለሚረጋ ከገበያ መንገድ የመጀመሪያዋ ወንዝ ላይ ቆመው መጫኛ ያጠብቁ እንደነበር ነገሩኝ። ወርጄ ሳይ እውነት ነው፤ ከፊቶቹ ቀበቶዎች አንዱ ላልቶ ነበር። አጠበቅሁት። ከዚያ መንገድ 6 ይዘን እስከ ደቡብ ድረስ ሁለት ጊዜ ብቻ ቆምን፤ ሁለቱንም ጊዜ ምንም አልላላም።

በልምምድ ቦታዬ አዲስ ቤተሰብ ሲመጣ የምንሞላው ቅጽ አለ። አንዱ መስመር «የትምህርት ዓመታት» ይላል። የብዙ ወላጆቻችን መልስ 0 ነው። እኔም 0 ጽፌ ወደሚቀጥለው መስመር አልፍ ነበር። የአባቴም ስም በሆነ ማህደር ውስጥ ከ0 ጋር እንደተጻፈ እርግጠኛ ነኝ። ክፍል ውስጥ ስለ ቤተሰብ ጥንካሬና ዕውቀት ፈተና ተፈትኜ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። አፉላ ላይ ግን ያ 0 ነው ከአፌ የወጣው። ያንን ቃል ለመናገር አማርኛ ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

ቂርያት ጋት ሳንደርስ፣ «አባ፣ አፉ ይበሉኝ» አልኳቸው። መንገዱን እያዩ፣ «አፉ ብያለሁ። ፊትህን ተመልከት፣ እየነዳህ ነው» አሉኝ።

አሁን ቅጹን ስሞላ 0 ከጻፍኩ በኋላ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ «በአገር ቤት ምን ሥራ ይሠሩ ነበር? እንዴት ነበር የሚሠራው?» ብዬ። ለጥያቄው በቅጹ ላይ ቦታ ስለሌለው በጀርባው እጽፋለሁ። አንዳንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ይወስዳል። እስካሁን 0 የሚያክል መልስ አላገኘሁም።

ለእናንተ ደግሞ የቀረኝ ይህ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የተሳቢውን መንጠቆ፣ የደኅንነት ሰንሰለቱን፣ የመብራቱን ሶኬትና የጎማውን አየር እዩ። ጠርዙ የተበጣጠሰ ወይም ፀሐይ ያደረቀው ቀበቶ አትጠቀሙ። ስትፈቱም ተጠንቀቁ። ቤር ሸቫ ስንደርስ ቸኩዬ የፊቱን ቀበቶ ልለቀው ስል አባቴ እጄን ያዙኝ። የተጨመቀ ሞላ ሲለቀቅ ይዘላል፤ ሞተሩን የሚደግፍ ሰው ሳይኖር የመጨረሻው ቀበቶ አይፈታም። እሳቸው መሪውን ያዙ፣ እኔ ፈታሁ።

አያቴም አህያዋ ቤት ስትደርስ አንድ ሰው ሳይደግፍ መጫኛውን አታስፈታም ነበር አሉ።