ጆንያው የመለሰው፦ ከታማሌ የጉዞ ማስታወሻ

ታማሌ፣ ሰሜን ጋና

ከአክራ ወደ ሰሜን ስንበር መሬቱ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ተለወጠ። ከሰሐራ የሚነሳው ሐርማታን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ሰማዩን አቧራ አልብሶታል። የከተማው ጎዳና የሞተር ሳይክል ነው፤ እናቶች ልጅ አዝለው ይነዳሉ።

የመጣሁት የአርቲስት ኢብራሂም ማሃማን ሥራ በተፈጠረበት አፈር ላይ ለማየት ነው። ማሃማ እ.ኤ.አ. በ1987 ታማሌ ተወለደ። ሥነ ጥበብን የተማረው ኩማሲ በሚገኘው የክዋሜ ንክሩማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስሙ የወጣው ትልልቅ ሕንጻዎችን በአሮጌ ጆንያ በማልበስ ነው።

ገበያው

ሥራውን ለመረዳት መጀመሪያ ገበያ መውጣት ያስፈልጋል። የቃጫው ጆንያ የሚሠራው እስያ ውስጥ ሲሆን፣ ጋና ካካዎዋን ለመጫን ታስገባዋለች። ካካዎው ወደ ውጭ ይሄዳል። አገር ውስጥ የቀረው ጆንያ በቆሎ ይያዝበታል፣ ሩዝ ይያዝበታል፣ በመጨረሻም ከሰል ይጫንበታል። በየደረጃው ይቀደዳል፣ ይጣፋል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ የባለቤቱ ስም ይጻፍበታል። ማሃማ የሚፈልገው ይህን ያረጀውን ነው። ለነጋዴዎች አዲስ ጆንያ ሰጥቶ አሮጌውን ይለውጣል።

የተለወጡትን ጆንያዎች የሚሰፉት ብዙ ሰዎች አንድ ላይ ሆነው ነው። ብዙዎቹ ከሰሜን ወደ አክራና ኩማሲ ሥራ ፍለጋ የወረዱ ናቸው፤ በገበያ ውስጥ ሸክም በጭንቅላታቸው ተሸክመው የሚተዳደሩ ሴቶች አሉባቸው። ከእነዚህ መካከል ክንዳቸው ላይ ስማቸውን የተነቀሱ ይገኛሉ። ከቤት ርቀው አደጋ ቢደርስባቸው ቤተሰብ እንዲገኝ ነው። ማሃማ እነዚህን ክንዶች ፎቶ አንስቷል። ጆንያውም ክንዱም ስም ተጽፎበት ሸክም ሲያመላልስ የኖረ ነው፤ ፎቶዎቹን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ጆንያን እንደ ተራ ዕቃ ማየት ይከብደዋል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የቬኒስ ቢየናሌ የሥነ ጥበብ ትዕይንት ላይ የተሰፋው ጆንያ የአርሰናሌን ረጅም መተላለፊያ ግራና ቀኝ ሸፈነው። በ2017 ደግሞ በዶኩሜንታ 14 ትዕይንት ጀርመን ካሰል ከተማ የሚገኙትን ሁለቱን የቶርቫኸ ሕንጻዎች አለበሰ፤ በዚያው ዓመት አቴንስ ሲንታግማ አደባባይ ላይ ሰዎች በአደባባይ ተቀምጠው ጆንያ ሰፉ። ቡናችንን በጆንያ ጭነን ለምንልክ ለእኛ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። አውሮፓ ካካዎውንና ቡናውን ለዘመናት ስትቀበል ኖራለች፤ ማሃማ የተሸካሚውን ላብ የጠጣውን መያዣ ደጃፏ ላይ ሰቀለላት።

ባታካሪ

በአገራችን ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። እዚህ ድሩን መሬት ላይ ዘርግተው ማጉን የሚወረውሩ ሴቶች አየሁ። ከስንዝር የጠበበ ጥብጣብ ይሸምናሉ፤ ጥብጣቡ ጎን ለጎን እየተሰፋ ባታካሪ የሚባለው ሰፊ ቀሚስ ይወጣዋል። ገበሬም ንጉሥም ይለብሰዋል። ክዋሜ ንክሩማ እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1957 የጋናን ነጻነት ሲያውጁ የለበሱት ይህንኑ ነበር።

በ2024 ማሃማ የለንደኑን ባርቢካን ማዕከል ወደ 2,000 ካሬ ሜትር በሚጠጋ ሮዝና ወይን ጠጅ ጨርቅ ሸፈነው። ጨርቁን በእጃቸው የሸመኑትና የሰፉት የዚህ የታማሌ ባለሙያዎች ናቸው፤ ከስፋቱ የተነሳ የሚዘረጋበት ቦታ ስላልተገኘ የከተማው ስታዲየም ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ተሰፋ። በላዩ ላይ አንድ መቶ ያህል ያረጁ ባታካሪዎች ተጣፉበት፤ በየቤቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወራረሱ የኖሩ፣ በልውውጥና በድርድር የተገኙ ልብሶች ናቸው። የአባቱን ጋቢ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ይህን ልብስ አሳልፎ መስጠት ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ሬድ ክሌይ

ከከተማው ወጣ ብሎ ጃና ክፔንግ በሚባል ሰፈር፣ ማሃማ በቀይ ጡብ ያሠራው ሬድ ክሌይ የተባለው የሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛል። በሩ ላይ ለመግቢያ ስንት እንደሚከፈል ጠየቅሁ።

«ምንም አይከፈልም፤ የሁሉም ሰው ነው» አለኝ አስጎብኚው ወጣት።

ግቢው ውስጥ ከአገልግሎት የወጡ አውሮፕላኖች ቆመዋል፤ ልጆች እንደ መማሪያ ክፍል ይጠቀሙባቸዋል። በአሮጌ የባቡር ወንበሮች የተሠራው «የመናፍስት ፓርላማ» በ2019 ማንቸስተር ላይ ታይቶ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ሰው ተቀምጦ የሚወያይበት የጡብ አዳራሽ ሆኗል። ዙሪያውን ተዘዋወርኩ። የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች ሥዕል ፊት ቆመው ሲከራከሩ ሳይ፣ ሥራው ለተወለደበት ሰፈር ምን እንዳመጣ ያየሁ መሰለኝ።

ይህ ሁሉ የቆመው የማሃማ ሥራዎች ውጭ ተሽጠው ባስገኙት ገንዘብ ነው። በ2019 የከፈተው የሳቫና የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከልም፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሳያልቅ የቀረውን የእህል ጎተራ ገዝቶ ለባህል ሥራ ማዋሉም ከዚሁ የመነጨ ነው። ያ ጆንያ ለዓመታት ካካዎ ሲያመላልስ ሰሜን ጋና ያተረፈችው ጥቂት ነበር። በሠዓሊው እጅ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን ጡብ፣ መጽሐፍና ትምህርት ይዞ ተመለሰ።

በዚያው በ2019 ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ አዲስ አበባ ላይ ዞማ ሙዚየምን ከፍተዋል። ኤልያስም ክርና ቁልፍ በመስፋት የጀመረ፣ ሌሎች የጣሉትን የሚሰበስብ አርቲስት ነው። ማሃማም ኤልያስም ያገኙትን ወደ ሰፈራቸው አምጥተው በር ከፈቱበት። ከታማሌ ይዤው የምመለሰው እምነት ይህ ነው፦ የአንድ አርቲስት ዕድገት ሥራው በደረሰባቸው ከተሞች ብዛት ብቻ ሊለካ አይገባም፤ ጨርቁ የተነሳበት ሰፈር ምን አገኘ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ባለሀብቶቻችንና የባህል ተቋሞቻችን ሠዓሊን ሲሸልሙ ይህን ጥያቄ ቢያስቀድሙ፣ ሽልማቱ ከአንድ ሰው ግድግዳ አልፎ ለብዙ ልጆች ይደርሳል።