የእናቴ የእንዶድ ውሃ

ዋና የተማርኩት ፍኖተ ሰላም አጠገብ ባለች ወንዝ ነው። እናቶቻችን ከታች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ፤ እኛ አረፋው ዓይን ያቃጥላል ብለን ሽቅብ ርቀን እንዋኛለን። እዚያ ድንጋይ ላይ ቀንድ አውጣ ሞልቷል። እየነቀልን እንጫወትበት ነበር፤ ቀንድ አውጣን ማን ይፈራል?

ኋላ ሆዴን እያመመኝ ደም ሲያስቀምጠኝ ጤና ጣቢያ ተወሰድኩ፤ ቢልሃርዚያ ተባልኩ። ቀንድ አውጣዋ አትናከስም። ትሉ ግን ውስጧ ተራብቶ ውሃው ውስጥ ይወጣል፣ ከዚያ የዋናተኛውን ቆዳ ሰርስሮ ይገባል።

ሥራ ስይዝ በመጀመሪያው ደመወዜ ለእማዬ አንድ ካርቶን የዱቄት ሳሙና ገዛሁ። "ይሄን ኋላቀር ነገር ተይው በቃ" አልኳት። ሳቀች እንጂ አልመለሰችልኝም።

ቆይቼ ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ምርምራቸው ከዚያ ተነሳ፤ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ።

እኔ ኮድ ጸሐፊ ነኝ። ስህተት ከየት እንደመጣ ስከታተል እውላለሁ። የእናቴን እጣቢ ግን አንድ ቀን እንኳ ቁልቁል ተከትዬ አላየሁም።

ለፋሲካ ስገባ ካርቶኑ ግማሹ እንኳ አልተነካም።

"ለነጠላማ እንዶድ ነው ልጄ" አለችኝ።

ዘነዘናውን ተቀበልኳት።