ድመት ሊስትን ሲጫወት

ቶም ጥቁር የኮንሰርት ልብሱን ለብሶ መድረክ ላይ ይወጣል። ለታዳሚው እጅ ነሥቶ፣ ኮራ ብሎ ፒያኖው ፊት ይቀመጣል። ጄሪ ደግሞ እዚያው ፒያኖ ሆድ ውስጥ፣ ሽቦዎቹን በሚመቱት መዶሻዎች ላይ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ድመቱ መጫወት ሲጀምር አይጡ ከእንቅልፉ ይባንናል፤ ጠብ ተጀመረ።

ሐና እና ባርቤራ ለኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ የሠሩት ይህ ካርቱን «ዘ ካት ኮንሰርቶ» ይባላል። ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ ገደማ ሲሆን ታሪኩን የሚሸከመው የሙዚቃ ደራሲው የፍራንዝ ሊስት «የሃንጋሪ ራፕሶዲ ቁጥር 2» ነው።

ሊስት ሥራውን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1847 ነው። በከባድና በሚጎተት አካሄድ ይጀምርና ወደ ኋላ ላይ ፍጥነቱ እየጨመረ፣ ጣት የማይችለው ሩጫ ይሆናል። ለአሳዳጅና ለተሳዳጅ ከዚህ የተመቸ ሙዚቃ ከየት ይመጣል? ደግሞም ሊስት የሞተው በ1886 ነው፤ የደራሲነት መብት ክፍያ የሚጠይቅ አልነበረም። ስቱዲዮዎች ክላሲካል ሙዚቃን የወደዱት ለጥበቡ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ካለ የዋህ ነው።

በሌሎቹ የቶምና ጄሪ ፊልሞች የስቱዲዮው የሙዚቃ ደራሲ ስኮት ብራድሊ ዜማውን የሚያዘጋጀው በድመቱና በአይጡ እንቅስቃሴ ልክ ነበር። እዚህ ግን ሙዚቃው ካርቱኑ ከመሠራቱ መቶ ዓመት ገደማ በፊት ተጽፎ አልቋል፤ ልኩን መጠበቅ ያለባቸው ሠዓሊዎቹ ናቸው። ጥንቃቄያቸው በቶም ጣቶች ላይ ይታያል። ጄሪ ቁልፎቹ መካከል የአይጥ ወጥመድ ያስቀምጥለታል፤ ቶም ዜማውን ሳያዛንፍ ወጥመዱን ሲሸሽ ይቆይና በመጨረሻ ጣቱ ይያዛል። ያን ሁሉ መከራ እየተቀበለም ክብሩን ላለማጣት ይታገላል። የሚያስቀውም ይኸው ነው፤ ሊስትን ሲጫወት ላቡ የሚንጠፈጠፍ፣ ፊቱን ግን የማያጠቁር ፒያኒስት ያየ ሰው ቶምን ወዲያው ያውቀዋል።

የሚገርመው፣ ተፎካካሪው ዋርነር ብራዘርስ በኅዳር 1946 «ራፕሶዲ ራቢት» የተባለ ካርቱን አውጥቶ ነበር። ፍሪዝ ፍሬለንግ ባዘጋጀው በዚህ ፊልም ጥንቸሉ በግስ በኒ ያንኑ ራፕሶዲ ይጫወታል፤ ፒያኖው ውስጥም አይጥ አለ! ሁለቱ ስቱዲዮዎች «ሰረቅከኝ» ተባባሉ። ማን ከማን እንደወሰደ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

በጥራት ከሆነ ግን ፍርዱ ከባድ አይደለም። በግስ በኒ በሳል የረበሸውን ታዳሚ በሽጉጥ ይመታል፤ ስልክ ሲደወልለት ደግሞ ሊስትን እንደማያውቀው ይመልሳል። ቀልዶቹ ጥሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን ሌላ ሙዚቃ ላይም ይሠሩ ነበር። የቶምን መከራ ከሊስት ለይቶ ማሰብ አይቻልም።

የ1946ን የኦስካር ሽልማት «ዘ ካት ኮንሰርቶ» ወሰደ። በዚያው ዓመት ከዕጩዎቹ መካከል የዋልተር ላንትዝ ስቱዲዮ በሾፓን ሙዚቃ የሠራው ካርቱን ይገኝበታል። «ራፕሶዲ ራቢት» ግን ለዕጩነት እንኳ አልበቃም።