የፈረመው ተከራይ «ቀርቻለሁ» ሲል

ቤት የሚያከራዩ ከሆነ እንዲህ ያለ ስልክ አንድ ቀን ይደወልልዎታል። ውል የፈረመ፣ ገንዘብ የከፈለ፣ የሚገባበትን ቀን የቆረጠ ሰው «ይቅርታ፣ መግባት አልቻልኩም» ይላል።

ለእኔ የደወለው አንድ ወጣት መምህር ነበር። ጎንደር፣ አዘዞ ያለውን ሰርቪስ ቤታችንን ለሁለት ዓመት ተከራይቶ፣ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው የደባርቅ ዝውውሩ ወጣለት። «እትዬ፣ ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ነው። እናቴ ዳባት ብቻዋን ናት» አለኝ። ወሩ 6,000 ብር ነው፤ የሁለት ወሩን 12,000 ብር በባንክ አስገብቷል። የልጄ የኮሌጅ ክፍያ የሚወጣውም ከዚሁ ኪራይ ነው።

አንዷ ጎረቤቴ «ፈርሟል፤ አንድ ብር እንዳትመልሺ» አለች። ሌላዋ «የሰው ልጅ ነው፣ ሁሉንም ስጪው» አለች። እኔ ግን መጀመሪያ ውሉን አውጥቼ አነበብኩ። እርስዎም ከመቆጣትዎም ከማዘንዎም በፊት ይህን ያድርጉ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1731 በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል ይላል። ስለዚህ ፊርማ ዋጋ አለው። አንቀጽ 1802 ደግሞ ውሉ አልተፈጸመልኝም የሚለውም ወገን፣ ብዙ ወጪና ችግር እስካላመጣበት ድረስ፣ ጉዳቱን እንዲቀንስ ያስገድደዋል። ቤቱን ቆልፎ የሁለት ዓመት ኪራይ እየቆጠሩ መቀመጥ አያዋጣም ማለት ነው።

ቀጥሎ የተቀበሉት ገንዘብ በውሉ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ይመልከቱ። «ቀብድ» ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ አንቀጽ 1885 ይሠራል፦ ሰጪው ከቀረ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። የእኛ ውል ግን «ቅድሚያ የቤት ኪራይ» ይላል። ያ ገንዘብ ገና ያልተኖረበት ቤት ኪራይ እንጂ የመቅጫ ገንዘብ አልነበረም። ከእሱ ላይ ልጠይቅ የምችለው በትክክል የጎደለብኝን ነው።

ልጁን ሁለት ነገር ጠየቅኩት። አንደኛ፣ መቅረቱን በጽሑፍ እንዲሰጠኝ፤ በስልክ የተባለ ነገር በኋላ ያጨቃጭቃል። ሁለተኛ፣ «በአንተ ቦታ ከደባርቅ የሚመጣው መምህር ቤት አግኝቷል?» አልኩት። አላገኘም ነበር። ቤቱን አይቶ ወደደው፤ ውሉ ከጀመረበት ቀን በ20ኛው ቀን ከባለቤቱ ጋር ገባ።

ሒሳቡን ሦስታችን ቁጭ ብለን ሠራን። ቤቱ ባዶ የቆየባቸው 20 ቀናት 4,000 ብር ሆኑ፤ ደላላ ስላልከፈልኩ እሱን አልጨመርኩም። 8,000 ብር መለስኩለት። ውሉ በስምምነት መቋረጡን፣ ማን ምን ያህል እንደወሰደና ከእንግዲህ አንዳችን በሌላችን ላይ ጥያቄ እንደሌለን በአንድ ገጽ ጽፈን፣ በሁለት ምስክር ፊት ፈረምን።

ተከራዩ አልስማማም ቢል ኖሮ የምይዘው መንገድ ሌላ ነበር፦ መጀመሪያ በአንቀጽ 1772 መሠረት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ ሽማግሌ፣ የመጨረሻው ፍርድ ቤት። ለሦስቱም የሚያስፈልገው ያው ወረቀት ነው።

የሚቀጥለውን ውል ሲጽፉ ሁለት መስመር ይጨምሩ፦ የተከፈለው ገንዘብ ቀብድ ነው ወይስ ቅድሚያ ኪራይ፣ እንዲሁም ተከራዩ ከመግባቱ በፊት ቢቀር ምን እንደሚሆን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። በከተማዎ እንዴት እንደሚሠራበት ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፤ የተመዘገበ ውል ሲቋረጥም እዚያው ያሳውቁ።

አዲሱ ተከራይ ውሉን ሲፈርም እነዚያን ሁለት መስመሮች ጮክ ብሎ አነበበና «ይሄ ለእኔም ይጠቅመኛል» አለ። እውነቱን ነው።