ሳይነዱ አይገዙም፦ ከስተርጂስ እስከ ቁይ

ስተርጂስ በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ግዛት፣ በብላክ ሂልስ ተራሮች ጥግ የተቀመጠች፣ ሰባት ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት ከተማ ናት። ዓመቱን ሙሉ ጭር ብላ ትከርምና በእኛ ሐምሌ ማብቂያ ላይ ለዐሥር ቀናት ያህል በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ሞተረኛ ይወርድባታል። 75ኛው በዓል በተከበረበት እ.ኤ.አ. በ2015 የእንግዳው ቁጥር ከ700 ሺህ ማለፉ ተነግሯል። ዋናው ጎዳና ለመኪና ይዘጋል፤ ሞተር ብቻ ከዳር እስከ ዳር ተደርድሮበት ይውላል።

በዓሉ እንዲህ ሆኖ አልተጀመረም። «ፓፒ» በሚል ቅጽል የሚታወቀው ክላረንስ ሆል የከተማዋ የኢንዲያን ሞተር ሻጭ ነበር። እሱና ጃክፓይን ጂፕሲስ የተባለው የሞተር ክበብ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1938 አንድ ውድድር አዘጋጁ፤ የተሳተፉት ዘጠኝ ነጂዎች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በነዳጅ እጥረት ምክንያት ከመቋረጡ በቀር ይኸው እስከ ዛሬ ዘልቋል።

እኔ የሄድኩት ብዙ ኢትዮጵያዊ ከሚኖርባት ከዴንቨር ነው። አብሮኝ የተጓዘው ወዳጄ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ እኔ ደግሞ የቁይ። በሻየን በኩል ዋዮሚንግን ቆርጠን ስተርጂስ ለመድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳን። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ የግጦሽ ሣር ብቻ። ክሩዘር የሚባለው የሞተር ዓይነት ለምን በዚህ አገር እንደተወለደ ሰው የሚገባው እዚህ መንገድ ላይ ነው። መቀመጫው ዝቅ ይላል፣ እግር ወደ ፊት ይዘረጋል፣ መሪው ወደ ነጂው ይመጣል፣ ሞተሩ ትልቅ ነው፤ ግን ረጋ ብሎ ይዞራል። ማርሽ ሳይቀያይሩ፣ ወገብ ሳይጎብጥ ቀኑን ሙሉ እንዲሄዱበት የተሠራ ነው።

በዓሉ ላይ ሙዚቃ አለ፣ ጌጣጌጥ አለ፣ ቆዳ ለባሽ ሕዝብ አለ። እኛን የጎተተን ግን የሙከራ ድንኳኑ ነው። ሃርሊ ዴቪድሰን፣ ኢንዲያንና ሌሎችም አምራቾች አዳዲስ ሞተሮቻቸውን በከባድ መኪና ጭነው ያመጣሉ። የሞተር መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ስሙን ያስመዘግባል፣ የኃላፊነት ውል ይፈርማል፣ ሄልሜት፣ ረጅም ሱሪና የተሸፈነ ጫማ ማድረጉ ይታያል። ከዚያ የመረጠውን ሞተር ያለ ክፍያ ይነዳል። ጉዞው በቡድን ነው፤ የኩባንያው ሰው ከፊት ሆኖ ይመራል። የግዛቱ ሕግ ሄልሜት የሚያስገድደው ከ18 ዓመት በታች የሆነውን ብቻ ነው፤ በድንኳኑ ግን ፀጉሩ የሸበተው ሽማግሌም ቢሆን ያለ ሄልሜት ቁልፍ አያገኝም።

መጀመሪያ የተነሣው የሃርሊ ፋት ቦይ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1903 ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ የተመሠረተ ሲሆን ፋት ቦይ በ1990 ገበያ ወጣ፤ በማግስቱ ዓመት «ተርሚኔተር 2» በተባለው ፊልም ላይ ዓለም ሁሉ ዐየው። የነዳሁት 1,868 ሲሲ ሞተር የተገጠመለት ነው፤ ክብደቱ 317 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ከሦስት ኩንታል ጤፍ በላይ። ቆሞ ሲገፉት ይህ ክብደት ክንድ ላይ ይሰማል። ሲነሣ ግን ይረሳል። ነዳጅ ገና ነካ ሲደረግ ሞተሩ ከታች ጀምሮ ይጎትታል፤ ማርሽ መቀነስ ሳያስፈልግ ዳገቱን ይበላዋል። ያ የተቆራረጠ፣ የሚያነክስ የሚመስል ድምፁ ከሥራው የመጣ ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተከፍተው በአንድ የክራንክ ሻፍት ክንድ ላይ ስለተያያዙ ፍንዳታቸው እኩል አይራራቅም፤ አንዱ ከሌላው በኋላ 315 ዲግሪ ቆይቶ ይመጣል፣ ቀጣዩ 405 ዲግሪ።

ጉድለቱ ኩርባ ላይ ይታያል። ከሆዱ እስከ መሬት ያለው ክፍተት ከ12 ሳንቲ ሜትር አይበልጥምና ነጂው ገና መዘንበል ሲጀምር የእግር ማሳረፊያው አስፋልቱን ይፍቃል። ወዳጄ ከኋላዬ ሆኖ ብልጭታውን ዐይቶ ኖሯል፤ ስንቆም የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በዚህ ዓባይ በረሃን መውረድ የሚያስብ ሰው ካለ ዘመዶቹን ይሰናበት።»

ኢንዲያን ከሃርሊ በሁለት ዓመት ይቀድማል፤ እ.ኤ.አ. በ1901 ማሳቹሴትስ ውስጥ ተመሥርቶ በ1953 ማምረት አቆመ። ስሙ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በ2011 ፖላሪስ የተባለው ኩባንያ ገዛው። አዲሱ ቺፍ በ2013፣ ስካውት ደግሞ በ2014 ለሕዝብ የተገለጡት እዚሁ ስተርጂስ ላይ ነው። ስካውቱን ነዳሁት። 1,133 ሲሲ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነው። መቀመጫው ከመሬት 65 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አጭር ሰው ሁለቱንም እግሮቹን ዘርግቶ መሬት ይረግጣል። ከፋት ቦይ በ60 ኪሎ ያህል ስለሚቀል ከመሪው ጋር መታገል የለም። ባለ ሃርሊዎቹ ጉልበቱን ከታች ሲያገኙት ስካውት ደግሞ ወደ ላይ ሲዞር ይሮጣል፤ የወጣት ሞተር ነው።

ከሁሉ ይበልጥ እንዳስብ ያደረገኝ የሆንዳው ሬበል 1100 ነበር። ሞተሩ 1,084 ሲሲ ሲሆን አፍሪካ ትዊን ከሚባለው የበረሃና የኮረኮንች ሞተር የተወሰደ ነው። የሞከርኩት በእጅ የሚያዝ ፍሪሲዮን የሌለው፣ ማርሹን ራሱ የሚቀይር ዓይነት ነው። ግራ እጅ ሥራ ሲፈታ ዐይን መንገዱ ላይ ይሆናል። እንዲያም ሆኖ አሞርዛተሩ አጭር ነው። ከተስተካከለ አስፋልት ወጥቶ አንድ ጉድጓድ ሲያገኝ ምቱ ቀጥታ አከርካሪ ላይ ያርፋል። ልቡ የኮረኮንች፣ አካሉ የአስፋልት ነው።

በማግሥቱ አይረን ማውንቴን የሚባለውን መንገድ በመኪና ዐየነው። በ27 ኪሎ ሜትር ውስጥ 314 ኩርባዎች አሉት። የቀድሞው የግዛቱ ገዥና ሴናተር ፒተር ኖርቤክ ያስቀየሰው ሰው በዝግታ እያየ እንዲያልፍ ብሎ ነው፤ የእንጨት ድልድዮቹ በራሳቸው ላይ ይጠመዘዛሉ፣ ዋሻዎቹም በራሽሞር ተራራ ላይ የተቀረጹትን የአራቱን ፕሬዚዳንቶች ፊት በመስኮት ልክ ያሳያሉ። የብላክ ሂልስ ከፍተኛው ጫፍ ብላክ ኤልክ ፒክ 2,207 ሜትር ነው። ደብረ ማርቆስ 2,446 ሜትር ላይ ናት። እነሱ ተራራ ብለው የሚወጡት እኛ ከተማ ሠርተን ከምንኖርበት በታች ነው።

ይህ የቁጥር ልዩነት ለሞተር ትርጉም አለው። በደብረ ማርቆስ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ከነዳጅና ከአየር ነውና 12 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ሞተር በእኛ ደጋ ላይ ዘጠኝ ተኩል ቢሰጥ ነው። ካርቡራተር ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ያጨሳል። ሻጩ የሚያሳየው ወረቀት ላይ ይህ አልተጻፈም። ነድቶ ያየ ያውቀዋል።

ከዚያ ጉዞ በኋላ አገር ቤት ስገባ ወደ ቁይ የሚወስደውን መንገድ በሌላ ዐይን ዐየሁት። ከጎሐ ጽዮን ጀምሮ ምድሩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በጃፓን ርዳታ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ ዓባይን ያሻግርና መንገዱ እንደገና ወደ ደጀን ይወጣል። ከታች ሙቀት፣ ከላይ ብርድ፤ በአንድ ጉዞ ፍሬንም ሞተርም ይፈተናሉ። ቁይ ከዚያ ወዲያ ናት፦ የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ፣ ከጮቄ ተራራ ወረዳዎች በአንዱ። ጥቁሩ አፈር ክረምት ሲገባ ጎማ ላይ ተጠቅልሎ መከላከያውን ሞልቶ ሞተሩን ያቆመዋል።

በዚህ መንገድ ላይ የሚሠሩት ሞተሮች ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ ናቸው፤ አልፎ አልፎም ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራው አሮጌው ያማሃ ኤጂ 100 ይታያል። ያማሃው ካቴናው ከጭቃ እንዲጠበቅ ተሸፍኗል፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አለው፣ ማቆሚያውም በሁለቱም ጎን ነው። የሠራው መሐንዲስ ጭቃ ውስጥ የቆመ ሰው ኖሯል ያሰኛል። የአክስቴ ልጅ ቦክሰሩን አስነዳኝ። ቀላል ነው፣ ነዳጅ ቆጣቢ ነው፣ መለዋወጫውም እንደ ልብ ይገኛል። ሰው ከኋላ ተቀምጦ፣ ጆንያ ተጨምሮ ዳገት ሲጀምር ግን ከሁለተኛ ማርሽ አይወጣም፤ ቁልቁለት ላይም ፍሬኑ ቀድሞ መታሰብ አለበት።

«ከመግዛትህ በፊት ነድተኸው ነበር?» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ ማን ያስነዳል? ቀለሙን ዐየሁ፣ አስነሥቶ አሰማኝ፣ ብሩን ቆጠርኩ።»

ብሩ የሁለት በሬና የአንድ ዓመት የጤፍ ዋጋ ነው። ሄልሜትም አብሮ አልተሰጠውም።

ስተርጂስ ያለው ገዢ ለመዝናኛ የሚሆን ሞተር ለመምረጥ አራት አምስቱን ነድቶ ያማርጣል። ቁይ ያለው ገዢ ወላድ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስበትን፣ የልጆቹን እንጀራ የሚያገኝበትን ሞተር ሳይቀመጥበት ይገዛል። መመርመር የሚገባው ሁለተኛው ነበር። ሄልሜቱም እንዲሁ፦ በርካታ አገሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው ሄልሜት አደጋ የደረሰበትን ሞተረኛ የሞት ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳት ዕድሉን በ69 በመቶ ይቀንሳል።

የሙከራ ድንኳን ለማቆም የአሜሪካ ሀብት አያስፈልግም። አንድ የሙከራ ሞተር፣ ሁለት ሄልሜት፣ መንጃ ፈቃድ የሚያይ ሰው፣ ዳገትና ቁልቁለት ያለው አጭር መንገድ ይበቃል፤ ዳገትና ቁልቁለት ደግሞ ጎጃም አላጣም። በደብረ ማርቆስና በቢቸና የምትነግዱ የሞተር ሻጮች፣ በገበያ ቀን አንዱን ሞተር ከመደርደሪያ አውርዱት፤ ደንበኛው ይንዳው፣ ሲገዛም ሄልሜቱን በዋጋው ውስጥ አስገቡለት። ሞተር ለመግዛት የምታስቡ ወገኖች ደግሞ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ፦ ሰው አፈናጥጣችሁ ዳገት አውጡት፣ ቁልቁል ወርዳችሁ በሁለቱም ፍሬን አቁሙት፣ ሁለቱም እግሮቻችሁ መሬት መርገጣቸውን እዩ። ሻጩ ይህን ከከለከላችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ወደ ሌላ ሱቅ ሂዱ።