ስም ያልተጻፈበት ካርቶን

ሳጉሬ ውስጥ አንድ የታሪክ መምህር የአድዋን ጦር በእንቁላል ካርቶን አስቀምጦታል። ቀልድ አይደለም።

አንዱ የሸክላ ወታደር መቶ ሰው ይወክላል። 100,000 ገደማ ለሚገመተው የኢትዮጵያ ጦር 1,000፣ ለኢጣልያው 17,700 ደግሞ 177 መሆኑ ነው። መጀመሪያ አንድ በአንድ ያቆማቸው ነበር፤ በተነኩ ቁጥር የስንደዶ ጦራቸው ይሰበራል። አሁን አምስት አምስቱን ቁራጭ ጣውላ ላይ በኮላ ያጣብቃል፤ የሚያዘው ጣውላው ነው፣ ሰውየው አይነካም። የሳጉሬ ክረምት ደግሞ ያልተተኮሰ ሸክላን መልሶ ጭቃ ያደርጋልና ካርቶኖቹ ቆጥ ላይ ናቸው።

ጣጣው ስም መጻፉ ላይ ነው። የኢጣልያው ቀላል ነው፦ አልቤርቶኔ፣ አሪሞንዲ፣ ዳቦርሚዳ፣ ኤሌና፤ አራት ብርጌድ፣ አራት ካርቶን። በኢትዮጵያ በኩል መኳንንቱ በፈረስ ስማቸው ተጻፉ፦ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ፣ አባ መላ። የኦሮሞ ፈረሰኞች ካርቶን ላይ ግን «ፈረሰኛ» ብቻ።

አንድ የሰፈር ሽማግሌ አዩት።

«የእነዚህስ ፈረሶች ስም የላቸውም?»

«መጽሐፍ ላይ አላገኘሁም፣ አባባ።»

«መጽሐፉን ምን አስጠየቀህ? ሰው ጠይቅ እንጂ!»

ነገሩ ቀላል አይደለም። አርሲ በምኒልክ ጦር ከተረታ እስከ አድዋ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላም። ይህን ሳይናገሩ ፈረሰኛውን ሰልፍ ውስጥ ማቆም ግማሽ ታሪክ ነው። መምህሩ ወረቀቱን ላጠው። በገበያ ቀን ሽማግሌዎችን የአያቶቻቸውን የፈረስ ስም ይጠይቃል። እስካሁን ሰባት አግኝቷል። አድዋ መዋላቸው ስላልተረጋገጠ የጻፋቸው በእርሳስ ነው።