ዓድዋን በአንድ ቀን የሳተው ኮድ

ብዕሬን የማነሣው የሀገር ጉዳይ ሲሆን ብቻ የሚመስላቸውን አንባብያን ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዛሬ የማወጋው ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ነው። ዞሮ ዞሮ ነገሩ ወደ እኛው ይመጣል።

«ቴስት ድሪቨን ዴቨሎፕመንት» የሚባለውን ዘዴ ለዓመታት አስተምሬአለሁ። ከኮዱ በፊት ፈተናው ይጻፋል፤ ፈተናው ሲወድቅ ይታያል፤ ከዚያ ፈተናውን ለማለፍ የሚበቃው ኮድ ብቻ ይጻፍና በመጨረሻ የተጻፈው ይስተካከላል። ዘዴውን ያስፋፋው አሜሪካዊው ኬንት ቤክ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ2002 ማሳተሙን፣ ጄዩኒት የተባለውንም የመፈተኛ መሣሪያ እርሱና ኤሪክ ጋማ በ1997 ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲበሩ አውሮፕላን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደ ጻፉት ሳይቀር ለተማሪዎቼ እተርክ ነበር። ያልነገርኋቸው፣ እኔ ራሴ አንድም ቀን በዚህ መንገድ ሠርቼ አለማወቄን ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የእኛን ቀን ወደ ፈረንጆች የሚቀይር ፕሮግራም ስትጀምር «ላግዝሽ» አልኋት። በጥንድ እንድንሠራ ጠየቀችኝ፤ አንዳችን ኪቦርዱን ስንይዝ ሌላችን ከጎን ሆነን መንገዱን እንጠብቃለን፣ በየጥቂት ደቂቃውም እንለዋወጣለን። የመጀመሪያው ሰዓት ጭንቅ ነበር። ከፈተናው ቀድሜ ኮድ በጻፍሁ ቁጥር «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህን የጠየቀ ፈተና የለም» ትለኛለች፤ እኔም እደመስሳለሁ። በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ስሳሳት የሚያየኝ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ የሚያርመኝ ግን አልነበረም።

ሕጉ ቀላል መሰለን። መስከረም 1 ቀን በሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ ማግሥት ግን በ12። ጳጉሜን 6 ቀን 2011ን ሞከርን፤ አለፈ። ሁሉም አረንጓዴ ሆነና «እንግዲህ ቡና እንጠጣ» አልሁ። እርሷ ግን ኪቦርዱን ተቀብላ አንድ ፈተና ጨመረች፤ የካቲት 23 ቀን 1888፣ የሚጠበቀው መልስ ማርች 1 ቀን 1896። ቀይ! ኮዳችን ማርች 2 ነው አለ።

«የተሳሳተው ፈተናው ነው» አልኋት። «የዓድዋን ድል በየዓመቱ የምናከብረው በማርች 2 አይደለም እንዴ?»

«ነው፤ ጦርነቱ የተደረገው ግን በማርች 1 ነው።»

እጄን ወደ ኪቦርዱ ሰደድሁ። 1ን ወደ 2 ቀይሮ ቀዩን አረንጓዴ ማድረግ የአንድ ቁልፍ ሥራ ነው። ኪቦርዱን አልለቀቀችልኝም።

ምክንያቱን ያገኘነው ከሰዓት በኋላ ነው። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የ1900 ፌብሩዋሪ 29ኛ ቀን አልነበረውም፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት በነበረው ምዕት ዓመት በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንስ ነበር፤ መስከረም 1ም የሚውለው በሴፕቴምበር 10 ወይም 11 ነበር። ፈተናው ልክ ነበር፤ የተሳሳትነው እኔና ኮዱ ነን።

ሌሊቱን እንቅልፍ የነሣኝ ስሕተቱ ሳይሆን የእጄ ፍጥነት ነው። በስብሰባዎቻችን ያደግሁበት እጅ ነው። ዕቅድ ሲወድቅ መለኪያው ይሻሻላል፤ ከዚያ ግምገማ ይጠራና የሚገመገመው ሥራው ሳይሆን ሰውዬው ይሆናል። እኔም «ዕቅዱ በአብዛኛው ተሳክቷል» በሚል ሪፖርት ላይ ፈርሜአለሁ። «በአብዛኛው» ምን ያህል እንደ ሆነ ሥራው ሳይጀመር የጻፈ ግን አልነበረም። በእርግጥ ሀገር ፕሮግራም አይደለችም፤ ፈተናውን የሚጽፈውም ሰው ነውና ፈተናው ራሱ ሊሳሳት ይችላል። ቢሆንም ቀድሞ የተጻፈ መለኪያን ለመቀየር ቢያንስ አጠገብ የተቀመጠን ሰው ዓይን ማየት ያስፈልጋል።

በዚህ ሴሚስተር ተማሪዎቼን በጥንድ አስቀምጬ እኔም ከአንዱ ጋር ተቀመጥሁ። አንድ ቅንፍ መዝጋት ረሳሁ፤ ልጁ አየ፣ ዝምም አለ። ፕሮግራሙ እምቢ ካለ በኋላ ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅሁት።

«እርስዎ የሚያውቁት ነገር ይኖራል ብዬ ነው» አለኝ።